ቡልቡላ ላይ ያዞርነው ሽንት ቤት

ሥራ የጀመርኩት ናዝሬት፣ በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ተቀምጬ ነበር። ጤና ጽሕፈት ቤቱ የቀን ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና ገና ሥራ ሳይገባ በሩ ላይ ቆምኩ።

ጋሽ ዘለቀ መጡ። የአካባቢ ጤና ባለሙያ ናቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ አጠራር ሳኒቴሪያን። የሸሚዛቸው እጅጌ ሁልጊዜ እስከ ክርናቸው የተጠቀለለ፣ ቀጭን ሰው ነበሩ።

«ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«መቆፈር።»

«መቆፈርማ አይጥም ይችላል። ቀጥ ያለ ጉድጓድ ትቆፍራለህ ወይ ነው የምልህ።»

መልሴን ሳይጠብቁ ከኪሳቸው ቱምቢ አወጡ፤ በክር ጫፍ ላይ የታሰረች ሹል ብረት ናት። ገበያው አጠገብ ወዳለ ትምህርት ቤት ወሰዱኝና ዶማና አካፋ ሰጡኝ። ማታ ተመልሰው ቱምቢዋን በጉድጓዱ ግድግዳ አጠገብ ለቀቁ። ክሩ መሃል ላይ አፈር ነካ።

«እዚህ ጋ ሆዱ ወጥቷል» አሉ። አስተካከልኩት። እንደገና ለቀቁ፤ ክሩ ምንም ሳይነካ ወረደ። «በል፣ ነገም ና» አሉኝ። የቅጥር ወረቀቴ ይህ ነበር።

እናቴ ለጎረቤት «ልጄ ጤና ቢሮ ገባ» ብላ አወራች። የሠፈር ጓደኞቼ አካፋ ተሸክሜ ሲያዩኝ ግን፣ «ዶክተር! መርፌህ አልተለቀም?» እያሉ ሲስቁ ከረሙ። እኔም ስቄ አልፌያለሁ።

ሥራችን የትምህርት ቤት ንጽሕና ነበር። ሽንት ቤት እንሠራለን፣ የእጅ መታጠቢያ እናዘጋጃለን፣ ተማሪዎችን እናስተምራለን። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በተራ የሚገኝበት ዘመን ስለነበር ልጆቹን እጃቸውን በአመድ እንዲያሹ ነበር የምናሳያቸው። የዘይት ጣሳ ከታች በምስማር በስተን በገመድ እንሰቅላለን፤ ጣሳው ውስጥ ውሃ ሲጨመር እንደ ቧንቧ በቀጭኑ ይወርዳል። ቀዳዳው ከበዛ ውሃው ለሦስት ልጅ አይበቃም፤ ካነሰ ልጁ ይሰለችና ሳይታጠብ ይሄዳል። የምስማሩን ልክ ለማግኘት ብዙ ጣሳ አበላሽቻለሁ።

ጋሽ ዘለቀ ከሰው እምነት ጋር የማይጣሉ ሰው ነበሩ። አንዲት እናት እከክ የያዘውን ልጇን ሶደሬ ፍል ውሃ ወስዳ ልታጥበው እንደሆነ ነገረቻቸው። እኔ ይቆጧታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው የድኝ ቅባት እያቀበሏት፣ «ሶደሬም ውሰጂው፤ ውሃ መቼም አይጎዳም። ከውሃው ሲወጣ ደግሞ ይህን ቅቢው፤ የቀሩትንም ልጆች ቅቢ፤ አንሶላውን ቀቅይ» አሏት። ልጁ ዳነ። ሴትዮዋ ሶደሬን አመሰገነች። ጋሽ ዘለቀም፣ «ዳነ አይደል? በቃ» አሉ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ከቀን ሠራተኛነት ወደ ግንበኛ ረዳትነት ከፍ አልኩ። መጋዘን ውስጥ ሽፋኑ የተቀደደ የግንባታ መጽሐፍ አግኝቼ በምሳ ሰዓት አነብ ነበር። ያልገባኝን ጋሽ ዘለቀን ስጠይቅ አንድም ቀን «ይህ ለአንተ አይሆንም» አላሉኝም። ሶሌታ ማፍሰስን፣ ማለትም የጉድጓዱን የኮንክሪት ክዳን መሥራትን፣ ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በምን ልክ እንደሚደባለቅ፣ ፌሮ ብረቱ ከታች በኩል ለምን እንደሚሆን፣ ለስንት ቀን ውሃ ማጠጣት እንደሚያስፈልግ። ዛሬም ስሠራ የምሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው።

ቡልቡላ የሄድነው በዚያ ጊዜ ነው።

የቡልቡላው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነበር። አራተኛን የጨረሰ ልጅ መቀጠል ከፈለገ ዝዋይ መሄድ አለበት። ወንዶቹ ጥቂቶቹ ዘመድ ጋ ተጠግተው ይሄዳሉ። ሴቶቹ አይሄዱም፤ ትምህርታቸው እዚያው ላይ ያበቃል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ጉተማ አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል እንዲከፈትላቸው ደጋግመው ጠይቀው ነበር። በመጨረሻ የትምህርት ኢንስፔክተሩ መጥተው ግቢውን አዩና አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

ከትምህርት ቤቱ በላይ በኩል የግራር ቁጥቋጦ አለ። ልጆቹ የሚጸዳዱት እዚያ ነበር። ከታች በኩል ደግሞ የሚጠጡት ጉድጓድ ውሃ አለ። ዝናብ ሲመጣ ከላይ ያለው ሁሉ ታጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ባለፈው ክረምት ብዙ ልጅ በደም ተቅማጥ ወድቆ ነበር። ኢንስፔክተሩ፣ «ያሉትን ልጆች መጠበቅ ሳትችሉ ሌላ ልጅ አልጨምርላችሁም። ከሰኔ ፈተና በፊት እመለሳለሁ። ያ ቁጥቋጦ ንጹሕ ሆኖ ካላገኘሁት አምስተኛ ክፍልን እርሱት» አሉ።

እኛ የተላክነው ለዚህ ነበር።

የቡልቡላ አፈር ለቆፋሪ አስቸጋሪ ነው። አመድ የመሰለ፣ ቀላል ጠጠር የበዛበት፣ ሲቆፍሩት የሚናድ አፈር ነው። ስለዚህ የጉድጓዱን አፍ ዙሪያውን በድንጋይ ገነባን፤ ሶሌታዎቹን ውጪ መሬት ላይ አፍስሰን ሲደርቁ በላዩ ላይ ደረደርናቸው። ድንጋዩንም አሸዋውንም ያመላለሰልን የሐጂ ሰይድ መኪና ነበር። ሐጂ ከወሎ መጥተው ቡልቡላ ላይ ሱቅ የከፈቱ፣ ሁለት የጭነት መኪና ያላቸው፣ የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አባል ናቸው። አንድም ሳንቲም አልጠየቁንም።

ክፍሎቹን ከመሥሪያ ቤቱ በመጣው ሥዕል መሠረት ሠራን። ጀርባቸው በሰሜን ወዳሉት መማሪያ ክፍሎች ሆነ፤ ሲገባና ሲወጣ ማንም በመስኮት እንዳያይ። በራቸው ወደ ደቡብ፣ ወደ ሜዳው ሆነ። የእግር መርገጫው ልጁን ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በበሩ ሥር የሚገባውን ብርሃን እያየ ጨለማው እንዳያስፈራው ተብሎ ነው። የክፍሎቹ መለያያ ቆርቆሮ ነው። ሥራው ሲያልቅ እኔ በቱምቢም በውሃ ልክም ፈተሽኩት። እንከን አላገኘሁበትም።

ልጆቹ ግን አልገቡበትም።

የሚገቡት ከአዲስ አበባና ከናዝሬት ተዛውረው የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ልጆችና ጥቂት ሌሎች ብቻ ነበሩ። የቀሩት ደወል ሲደወል እንደ ድሮው ወደ ግራሩ ይሮጣሉ። ይህን አይተን የቸኮለ ፍርድ ፈረድን፤ የከተማ ልጅ ለምዶታል፣ የገጠር ልጅ አልለመደውም አልን። ስለዚህ ማስተማር ጀመርን። ጋሽ ዘለቀ ትልቅ የዝንብ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሰቅለው ከክፍል ክፍል ዞሩ።

ልጆቹ ትምህርቱን ጠጡት። ፋጡማ የምትባል የአራተኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ አንደበቷ ስለት ነው። ተነስታ፣ «ዝንብ ከሰገራ ላይ ተነስታ በእግሯ ተሸክማ ምግባችን ላይ ታርፋለች፤ እኛም እንታመማለን» ብላ ሳትደናቀፍ አወረደችው። ክፍሉ አጨበጨበላት።

«ጎበዝ!» አሉ ጋሽ ዘለቀ። «ታዲያ አንቺ የት ነው የምትጸዳጂው?»

«እዚያ» ብላ በመስኮቱ ግራሩን አሳየች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ለምን?»

«ሽንት ቤቱ ይጨልማል።»

«በሩን ትንሽ ገርበብ አድርጊው።»

«እህ! ሊያዩኝ?»

ሌላው ልጅ ይሸታል አለ። ሌላው እባብ አይቻለሁ አለ። እኔ ለጨለማው ከላይ አንዷን ቆርቆሮ አንስቼ ብርሃን አስገባሁ፤ ለሽታው አመድ አስነሰነስኩ፤ ለእባቡ ዙሪያውን ሣር አጨድኩ። ማንም አልመጣም። ሰኔ እየቀረበ ነበር። አቶ ጉተማ ጠዋት ጠዋት ከእኛ በፊት ግራሩ ሥር ሄደው አይተው ሲመለሱ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። አንድ ቀን፣ «ዘንድሮ አራተኛ ክፍል ያሉት ሴቶች ጎበዞች ናቸው። እንዲህ ያለ ክፍል አስተምሬ አላውቅም» አሉኝ። ይህን ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ቱፋም ተገኝተው ነበር፤ ቆፍጣና፣ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ የአገሩ ልጅ ናቸው።

«ጓድ ዘለቀ፣ ማስተማሩን አይተነዋል» አሉ። «አሁን ዘበኛ ግራሩ ሥር ይቁም። አለንጋ ይያዝ። ሲገባ የተገኘ ልጅ ይገረፍ፤ አባቱም ይቀጣ።»

ጋሽ ዘለቀ፣ «ልጅ አለንጋ ሲፈራ ራቅ ብሎ ይሄዳል እንጂ ሽንት ቤት አይገባም» አሉ።

«እንግዲያው ምን ይሁን?»

ጋሽ ዘለቀ ጊዜ ጠየቁ። ሐጂ ሰይድ ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጓድ ቱፋ አንድ ሳምንት ሰጥተውን ስብሰባው ተበተነ።

ወደ ዕቃ ማስቀመጫችን ስንሄድ ሐጂ ከኋላ ደረሱብን። «እስቲ ሥራችሁን ልየው» ብለው ወደ አንደኛው ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። ወዲያው ወጡ። ግራ ቀኙን ተመለከቱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሽ ዘለቀ፣ እኛ ስንሰግድ ወደ የት ዞረን ነው?» አሉ።

ጋሽ ዘለቀ አሰቡ። «ወደ ሰሜን።»

«ልጁ እዚህ ሲቀመጥ ጀርባውን የሚሰጠው ወዴት ነው?»

ጋሽ ዘለቀ ወደ ሰሜን ዞረው አዩ። እኔም አየሁ።

«እኛ ዘንድ ለመጸዳዳት የተቀመጠ ሰው ለቂብላ ፊቱንም ጀርባውንም አይሰጥም» አሉ ሐጂ። «የዚህ አገር ልጅ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ይህን ሕፃን ሆኖ ከእናቱ ይማረዋል። ሜዳ ላይ ጎን ዞሮ ይቀመጣል። እዚህ እናንተ አስራችሁ አስቀመጣችሁት።»

«ታዲያ ሐጂ፣ ሁለት ወር ሙሉ ምነው ዝም አሉን?»

«ልብ ያልኩት ሰሞኑን ነው፤ የልጅ ልጄን ስጠይቃት። ደግሞ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሃይማኖት ላውራ? በዚህ ጊዜ? ጠላት አጥቼ ነው?»

«ልጆቹስ? ይጨልማል፣ እባብ አለ ነው ያሉን።»

«ለመንግሥት ሰው እንዲህ ያለውን ማን ልጅ ይናገራል? የሚነገረውን ነው የነገሯችሁ።»

ጋሽ ዘለቀ የተረፈ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ሳቁ። «ሁለት ወር ዝንብን ስከስ! ዝንቧ ምን አደረገች?» አሉ። ናዝሬት ላይ የሠራናቸው ሽንት ቤቶች በየቦታው አቀማመጥ ምክንያት በራቸው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሆኖ ስለነበር ነገሩ ገጥሞን አያውቅም። ዕድል ነበር፤ እኛ ዕውቀት መስሎን ነበር።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባን። ሲሚንቶ አልቋል፤ የቀረችን አንዲት ከረጢት ለውሃ ጉድጓዱ አፍ የተቀመጠች ናት። አፍርሶ እንደገና ማፍሰስ አይታሰብም። ሶሌታዎቹ ግን ጎናቸው እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ናቸው። አንድ ሩብ ዙር ቢዞሩ ልጁ ወደ ምሥራቅ ይቀመጣል። ችግሩ፣ አራት ማዕዘን ነገር በራሱ ልክ በተሠራ ክፍል ውስጥ አይዞርም፤ ማዕዘኑ ግድግዳውን ይነካል። ስለዚህ የጀርባውን ቆርቆሮና መለያያዎቹን ነቅለን፣ ሶሌታውን አንስተን፣ በድቡልቡል እንጨት ላይ ወደ ኋላ አንከባልለን ማውጣት፣ ውጪ ማዞርና መልሶ ማስገባት ነበረብን።

ኮንክሪቱን ለማንሳት ሐጂ ሾፌራቸውን ደምሴን ከመኪናው ማንሻ ክሪክ ጋር ላኩልን። ደምሴ የሻሸመኔ ልጅ ነው፤ ሲናገር እንደ ሞተሩ ይጮኻል።

«በዚህ መንገድ ላይ ያልቀየርኩት ጎማ የለም» አለ። «ሽንት ቤት ስቀይር ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ስፔር አላችሁ?»

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሰላም ወጥተው ዞረው ገቡ። ሦስተኛውን ስናነሳ ከክሪኩ ሥር ያለው የግንብ ድንጋይ ሸሸ። ሶሌታው አጋደለ። አብረውን ሲሠሩ የዋሉት አቶ ጉተማና እኔ ከሥሩ የገባውን እንጨት ጫፍ ትከሻችን ላይ ተቀበልነው። ክሪኩ ግን ተንሸራቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

«ክሪኬ!» ብሎ ጮኸ ደምሴ። «ሐጂ ይገድሉኛል! ዝዋይ ድረስ ጎማ ቢፈነዳብኝ በጥርሴ ላንሳው?»

ጉድጓዱ ገና ብዙ አልተጠቀሙበትም ነበር፤ ቢሆንም ባዶ አልነበረም። በገመድ ጫፍ የፌሮ መንጠቆ አስሬ ስፈልግ ደምሴ አፍንጫውን ይዞ በሌላ እጁ ከላይ ይዞኝ ነበር። በመጨረሻ ወጣልን። ደምሴ ክሪኩን በአመድ አሸው፣ በውሃ አጠበው፣ እንደገና በአመድ አሸው። ካስተማርናቸው ተማሪዎች እጅ ሁሉ የበለጠ በደንብ ነው የታጠበው።

ጓድ ቱፋ የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ግድግዳ የሌለው ሽንት ቤት፣ ውጪ የተጋደመ ሶሌታ፣ አፈር የለበሰ ርዕሰ መምህር አዩ።

«ምን እያፈረሳችሁ ነው?»

«አላፈረስንም ጓድ። እያዞርነው ነው» አሉ ጋሽ ዘለቀ።

«ለምን?»

«ልጆቹ በዚህ በኩል መቀመጥ ስለማይችሉ።»

«ማን ነው አይችሉም ያለው?»

ሐጂ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከእንጨቶቹ ጋር ቆመው ነበር። ቀለማቸው ሲለወጥ አየሁ። ጋሽ ዘለቀ ወደ እሳቸው ሳያዩ፣ «እኔ ነኝ። ሥዕሉን ስቀበል አገሩን አልጠየቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ተጠያቂም ካለ እኔ ነኝ» አሉ።

ጓድ ቱፋ ወደ ጉድጓዱ ተጠጉ። የእግር መርገጫውን አዩ፤ ቀና ብለው ፀሐይዋን አዩ፤ ወደ ሰሜን አዩ። ከዚያ በዝግታ፣ «እናቴ እኔ የሠራሁላትን ሽንት ቤት አትገባበትም» አሉ። «ዓመት ሆናት። ለምን ስላት፣ ይሸታል ትለኛለች።»

ደምሴ ክሪኩን አስቀመጠና ወደ እንጨቶቹ መጣ።

ጓድ ቱፋ ኮታቸውን አውልቀው ቆርቆሮ ላይ ሰቀሉና የእንጨቱን ሌላኛውን ጫፍ ያዙ። በኦሮምኛ «በሉ ግፉ» ሲሉ ሁላችንም ገፋን። ሊመሽ ሲል ሥራው አለቀ፤ ጓድ ቱፋም ኮታቸውን እያራገፉ ደምሴን ጠሩት።

«ያ ክሪክ ነገ ሥራ አለው?»

«የለውም ጓድ ሊቀመንበር። ታጥቧልም» አለ ደምሴ።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ማንም ለልጆቹ ስብከት አልሰጠም። ሐጂ በየሽንት ቤቱ ክፍል ልጆቹ ከተጸዳዱ በኋላ ገላቸውን የሚያጠሩበት አንድ አንድ ጣሳ ውሃ አስቀመጡ፤ ይህንንም እኛ አላሰብንበትም ነበር። ደወል ሲደወል ፋጡማ ከጓደኞቿ ተለይታ መጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ወደ ውስጥ አየች፣ ዘጋችው። ተመልሳ ለሴቶቹ አንድ ነገር ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ዕረፍት ሰልፍ ነበር። የሚጨልመውም የሚሸተውም ነገር ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ኢንስፔክተሩ ከፈተናው በፊት መጡ። መጀመሪያ የሄዱት ወደ ግራሩ ነው። ብቻቸውን ገብተው ብዙ ቆዩና ሲመለሱ ጫማቸውን እንኳ ማራገፍ አላስፈለጋቸውም። አቶ ጉተማ ፍርዳቸውን ሲጠብቁ እሳቸው፣ «ለአምስተኛ ክፍል መምህር አላችሁ?» አሉ።

«እኔ አስተምራለሁ!» አሉ አቶ ጉተማ።

በመስከረም አምስተኛ ክፍል ተከፈተ። የውሃውን ጉድጓድ ልጎበኝ ስመለስ ፋጡማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ክፍልፋይ ትሠራ ነበር። አቶ ጉተማ ወደ ውስጥ ጠርተው ለክፍሉ አስተዋወቁኝ። «ይህ ወንድማችሁ» አሉ፣ «ሽንት ቤታችንን የሠራልን ነው።» ልጆቹ ቆመው ሰላምታ ሰጡኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ በሥራዬ እንዲህ ተከብሬ አላውቅም።

ለጋሽ ዘለቀ፣ በዚያ ቀን ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ስለወሰዱ፣ ዛሬም አመሰግናለሁ። ለሐጂ ሰይድም፣ ፈርተው ሳለ ስለተናገሩ።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመደብልኝ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት ሁለት ነገር እንዲያደርግ አዘዋለሁ፤ ፀሐይ የምትወጣበትን ይይ፣ የአገሩን ሽማግሌና አንዲት እናት ለየብቻ ይጠይቅ። የተሠራውን ነገር ሰው ካልተጠቀመበት መጀመሪያ የሚፈተሸው የተሠራው ነገር ነው። ሰውን ማስተማር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።